የሐኪምን እጅ መያዝ፦ በአደጋ ጊዜ ሕክምናን የመገደብ ሥልጣንና ልኩ



ገዥ በወረርሽኝ ጊዜ መንገድ ሊዘጋ፣ ገበያ ሊበትን፣ ጉዞ ሊከለክል እንደሚችል የፊቅህ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከዚህ ጠበብ ያለ፣ ክብደቱ ግን የማያንስ ጥያቄ ነው። ገዥ አደጋ ዐውጆ የሐኪምን እጅ መያዝ፣ ማለትም ዕውቀት ያለው ሐኪም ለፈቃደኛ ሕመምተኛ የሚሰጠውን ሕክምና ማስቆም ይችላልን? ቢችልስ የሥልጣኑ ልክ ምን ያህል ነው? ልኩን የሚለካውስ ማን ነው?

ጥያቄው የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በበረታባቸው 12 ሳምንታት ብቻ በዓለም ዙሪያ 28 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚስተጓጎሉ ተመራማሪዎች ገምተው ነበር። የዐይን ሞራ፣ የጉልበት፣ የእንቅርት ሕመምተኞች ተራቸው ተላለፈ። አብዛኛው ሰው ይህን በትዕግሥት ተቀበለ፤ ሐኪሞቹም ራሳቸው ያመኑበት ነበር። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ግን ትእዛዙ ከፍርድ ቤት ደረሰ፤ በዚያ የተነሣው ክርክርም ለእኛ ለመምህራንና ለኢማሞች የሚጠቅም ትምህርት ትቶ አለፈ። እኛም ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር የመንግሥትን ትእዛዝ ለምእመናን እንድናስረዳ እንጠየቃለንና ሥልጣኑ ከየት እንደሚነሣና የት እንደሚቆም ማወቅ ይገባናል።

የቀደምት መሠረት

የመጀመሪያው ማስረጃ ዘወትር የምንጠቅሰው የሰርግ ታሪክ ነው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ደርሰው በአገሩ ጧዑን መግባቱን ሰሙ። ወዲያው አልወሰኑም። አስቀድመው ሙሃጂሮችን፣ ቀጥለው አንሷሮችን፣ በመጨረሻም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ። ሁለቱ ወገኖች በአሳብ ሲለያዩ ሽማግሌዎቹ መመለስን በአንድ ቃል መከሩ፤ ኸሊፋውም ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ብለው ሲጠይቁ ዑመር ከቀደር ወደ ቀደር መሄድ እንደሆነ መለሱላቸው። ከዚያ በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር መግባትንም ከዚያ ሸሽቶ መውጣትንም የሚከለክለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ አሰሙ። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናወጣው የለይቶ ማቆያን ሕጋዊነት ነው። የውሳኔው መንገድ ግን እኩል ትምህርት አለው፤ ታላቁ ኸሊፋ በአደጋ ጊዜ እንኳ ሦስት ጊዜ ምክክር አድርገዋል፣ ተቃውሞም በአደባባይ ተነሥቶ በአደባባይ ተመልሷል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከባግዳድ ነው። በ319 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 931) አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት መሞቱ ለዐባሲዩ ኸሊፋ አል ሙቅተድር ተነገረው። ኸሊፋው ሙሕተሲቡን ጠርቶ፣ በሲናን ኢብኑ ሳቢት ተፈትኖ ፈቃድ ያላገኘ ሐኪም ሁሉ ሥራ እንዲያቆም አዘዘ። የሐኪሞችን ታሪክ የጻፉት እንደሚነግሩን በባግዳድ በሁለቱም የወንዙ ዳርቻዎች ለፈተና የቀረቡት ከ860 በላይ ነበሩ፤ በዝናቸው የታወቁትና በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉት ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው። ስለዚህ መንግሥት ሐኪምን ሊያስቆም መቻሉ ዘመናዊ ፈጠራ አይደለም።

ፉቀሃም ለዚህ መሠረት አስቀምጠዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ዐቅመ አዳም የደረሰን ነጻ ሰው ገንዘቡን ስላባከነ ብቻ ከንብረቱ ማገድን አይቀበሉም ነበር። ይህን ያህል የሰውን ነጻነት የሚያከብሩት ኢማም ግን ሦስት ሰዎች እንዲታገዱ ፈቅደዋል፤ ግድ የለሹ ሙፍቲ፣ መሃይሙ ሐኪምና የከሰረው የከብት አከራይ ናቸው። የመዝሀቡ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያብራሩ የመጀመሪያው የሰዎችን ሃይማኖት፣ ሁለተኛው አካላቸውን፣ ሦስተኛው ገንዘባቸውን ያበላሻል ይላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በአሕመድ ጀውደት ፓሻ መሪነት የተዘጋጀው የዑስማኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ መጀለ፣ ይህንኑ በአንቀጽ 964 አጽንቶታል። በአንቀጽ 26 ደግሞ የብዙኃንን ጉዳት ለመከላከል የግለሰብን ጉዳት መቀበል እንደሚገባ ከደነገገ በኋላ፣ መሃይም ሐኪምን መከልከል የዚህ መርሕ ቅርንጫፍ መሆኑን ራሱ ይጠቅሳል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ሙቅተድርም፣ አቡ ሐኒፋም፣ መጀለም የከለከሉት መሃይሙን ነው። በ2020 የታገደው ግን አዋቂው ሐኪም ነው፤ የታገደውም ሕክምናው ስለሚጎዳ ሳይሆን አልጋው፣ ጓንቱና ጭምብሉ ለሌላ ሕመምተኛ ይፈለጋል ተብሎ ነው። ስለዚህ በመሃይሙ ሐኪም ላይ የተነገረውን ብይን ነቅሎ በአዋቂው ላይ መትከል የተስተካከለ ቂያስ አይሆንም፤ ዒላው፣ ማለትም የብይኑ ምክንያት፣ ተለውጧልና። አዋቂውን ሐኪም ለመገደብ የሚያገለግለው መሠረት ዶሩራ ብቻ ነው። ዶሩራ ደግሞ የራሷ ማሰሪያ አላት፤ በመጀለ አንቀጽ 22 እንደተመለከተው በልኳ ትመዘናለች፣ በአንቀጽ 23 እንደተመለከተው በምክንያት የተፈቀደው ምክንያቱ ሲወገድ ይሻራል።

ሐብት ሲያንስ ቅደም ተከተል ማውጣትም ቢሆን ቀዳሚ ታሪክ አለው። በሽታ በበዛበት አንድ ዓመት ወዚሩ ዐሊይ ኢብኑ ዒሳ፣ ሐኪሞች መድኃኒት ይዘው በየእስር ቤቱና በኢራቅ ገጠሮች እንዲዞሩ ለዚያው ለሲናን ጻፈ። ሐኪሞቹ ሱራ ወደተባለችው ስፍራ ሲደርሱ አብዛኛው ነዋሪ አይሁድ ሆኖ ተገኘ፤ ሲናንም እዚያ ቆይተው ያክሙ ወይስ ይለፉ ብሎ ጠየቀ። ወዚሩ ዚሚዮችንም እንስሳትንም ማከም ተገቢ መሆኑን አረጋገጠ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሰው ከእንስሳ፣ ሙስሊም ከዚሚ በፊት እንዲሆን አዘዘ። ይህን ታሪክ የርኅራኄ ምሳሌ አድርገን ብቻ እንጠቅሰዋለን፤ በእርግጥም ሐኪም ለእስረኛና ለገጠሬ መላኩ በዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሐቅ ካነበብነው ሌላም ይነግረናል። ገዥ የሕመምተኞችን ተራ ሲያወጣ ከሕመሙ ክብደት ውጭ የሆነ መመዘኛ በቀላሉ ይገባበታል። ይህ አደጋ በዚያ ዘመን አልቀረም።

ከካምብሪጅ እስከ ቴክሳስ

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በ2020 የተደገፉበት ፍርድ የ115 ዓመት ዕድሜ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1902 በማሳቹሴትስ ግዛት የካምብሪጅ ከተማ የጤና ቦርድ በፈንጣጣ ምክንያት ነዋሪው ሁሉ እንዲከተብ አዘዘ። ከስዊድን የመጣው ፓስተር ሄኒንግ ጃኮብሰን ከዚህ ቀደም በክትባት ተጎድቻለሁ ብሎ እምቢ አለ፤ 5 ዶላር ተቀጣ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1905 ዳኞቹ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረዱበት። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ሃርላን፣ ማኅበረሰብ ሕይወትን ከሚያሰጋ ወረርሽኝ ራሱን የመጠበቅ መብት እንዳለውና የግለሰብ ነጻነትም ፍጹም እንዳልሆነ አስረዱ። አብረው ግን ገደብ አኖሩ፤ ለሕዝብ ጤና ተብሎ የወጣው ትእዛዝ ከጤናው ጋር እውነተኛ ግንኙነት ከሌለው፣ ወይም መሠረታዊ መብትን በግልጽ የሚጥስ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ጣልቃ ሊገባ ይችላል።

ቴክሳስ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአደጋ ሕግ አገረ ገዥው አደጋ ሲያውጅ ትእዛዙ የሕግ ኃይል ያገኛል። ዐዋጁ በ30 ቀን ያበቃል፤ አገረ ገዥው ግን ሊያድሰው ይችላል። የግዛቱ ምክር ቤት በማንኛውም ጊዜ ዐዋጁን ሊሽር ሥልጣን አለው፤ ሆኖም ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ነው። በ2020 ተሰብሳቢ አልነበረም፤ ልዩ ስብሰባ የሚጠራውም አገረ ገዥው ራሱ ነው።

አገረ ገዥ ግሬግ አቦት እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2020 አደጋ ዐወጀ። በዚሁ ወር 22ኛ ቀን፣ ለጽኑ ሕመም ወይም ለሕይወት አፋጣኝ አስፈላጊነት የሌለው ቀዶ ሕክምናና ሌላ የሕክምና ተግባር ሁሉ እስከ ሚያዝያ 21 እንዲቆም አዘዘ። የሚጥሰው እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል ወይም እስከ 180 ቀን ይታሰራል። ትእዛዙ ሁለት ማለሳለሻዎች ነበሩት። አንደኛ፣ አስፈላጊነቱን የሚወስነው የሕመምተኛው ሐኪም ነው። ሁለተኛ፣ የሆስፒታል አቅምንና የመከላከያ ቁሳቁስን የማያሟጥጥ ሕክምና አይከለከልም።

እስከዚህ ድረስ ትእዛዙ በሌሎች አገሮች ከተደረገው ብዙ አይለይም። በማግሥቱ ግን የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ኬን ፓክስተን፣ የእናትን ሕይወት ወይም ጤና ለማዳን ካልሆነ በቀር ፅንስ ማቋረጥ በክልከላው ውስጥ እንደሚወድቅ በመግለጫ አስታወቀ። ክርክሩ ወዲያው ፍርድ ቤት ገባ። የፌዴራል ወረዳ ዳኛው ክልከላውን አገደ፤ በኒው ኦርሊንስ የሚያስችለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 7 ቀን 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ የዳኛውን እግድ ሻረ። አብላጫዎቹ ዳኞች የ1905ቱን ፍርድ ጠቅሰው፣ ክልከላው ለሁሉም ሕክምና እኩል የተነገረ እንደሆነና በአደጋ ጊዜ ዳኛ የገዥውን ጥበብ በራሱ ጥበብ ሊተካ እንደማይገባ ገለጹ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ እርግዝና እንደ ጉልበት ሕመም ሊቆይ እንደማይችል፣ በክኒን የሚደረገውም ቁሳቁስ እንደማይጨርስ ተከራከሩ። ፈቃድና ክልከላ በሳምንታት ውስጥ ደጋግሞ ተፈራረቀ። ከሚያዝያ 22 ጀምሮ በአዲስ ትእዛዝ ሆስፒታሎች ከአልጋቸው 25 በመቶውን ለኮሮና ሕመምተኞች ለመያዝ ከተስማሙ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ተፈቀደ፤ ክርክሩም ፍሬ ነገሩ አለፈ። በጥር 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀድሞ የተሰጠውን የይግባኝ ፍርድ ሰረዘው።

ሦስት መለኪያዎች

አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ ፅንስ ማቋረጥ በእኛ ዘንድ የታወቀ ብይን አለው፣ ገዥ ቢከለክለው ምን ያስጨንቀናል? መዝሀቦች ከ120 ቀን በፊት ስላለው ጊዜ ቢለያዩም፣ ማሊኪዮች ከመጀመሪያው አጥብቀው ሲከለክሉ ከሐነፊዮች አያሌዎቹ በምክንያት ቢፈቅዱም፣ ሩሕ ከተነፋ በኋላ ግን የእናትን ሕይወት ለማዳን ካልሆነ በቀር ክልክል መሆኑን ያውቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ነው። የአንድ ድርጊት ብይንና የአደጋ ጊዜ ሥልጣን ልክ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ድርጊቱን የሚጠላ ሰው በጠላው ነገር ላይ የዶሩራ ሥልጣን ሲዘረጋ ደስ ቢለው፣ ነገ ያው ሥልጣን በሚወደው ነገር ላይ ሲዘረጋ የሚከራከርበት ቃል አይኖረውም። ሥልጣኑን መመዘን ያለብን በውጤቱ መወደድ ሳይሆን በሦስት መለኪያዎች ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ ዓላማው ነው። የገዥ ተግባር በሕዝብ ላይ የሚጸናው ከመስለሓ ጋር ሲታሰር መሆኑን መጀለ በአንቀጽ 58 አስፍሯል። በቴክሳስ የተነገረው መስለሓ ጓንትና ጭምብል መቆጠብ፣ የሰዎችንም መገናኘት መቀነስ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ኋላ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ለፅንስ ማቋረጥ ወደ ሌሎች ግዛቶች የተጓዙ የቴክሳስ ሴቶች በየካቲት 2020 157 ሲሆኑ፣ በሚያዝያ 947 ደረሱ። በወረርሽኝ ጊዜ ረጅም ጉዞ በዛ ማለት ነው። ክልከላው ከተነሣ በኋላም ከ12 ሳምንት በላይ የሆነ ፅንስ ማቋረጥ ጨመረ። እዚህ ላይ የሙስሊም ዓሊም ሊያስተውል ይገባል፤ መዘግየቱ አንዳንዶችን የመዝሀቦች ልዩነት ካለበት ጊዜ ወደ ስምምነቱ፣ ማለትም ወደ 120ኛው ቀን፣ አቅርቧቸዋል። ዓላማው ጥበቃ ነው ለሚለውም፣ ዓላማው ፅንስን ማዳን ነው ለሚለውም መሣሪያው የተስማማ አልሆነም።

ሁለተኛው መለኪያ ልኩን የሚለካው ሰው ነው። ሕመምተኛ ጾም ሊፈታ፣ ወይም በውዱእ ፈንታ ተየሙም ሊያደርግ ሲያስብ ፉቀሃ የሚመልሱት ለታመነና ለሠለጠነ ሐኪም ቃል ነው። ሙፍቲው ብይኑን ያውቃል፤ በዚህ ሰውነት ላይ ጉዳት መድረስ አለመድረሱን ግን የሚመሰክረው ሐኪሙ ነው። የአገረ ገዥው የመጋቢት 22 ትእዛዝ ይህን መስመር ጠብቆ ነበር፤ አስፈላጊነቱን ለሕመምተኛው ሐኪም ትቷል። የማግሥቱ መግለጫ ግን መለኪያውን ከሐኪሙ እጅ ወስዶ ለዐቃቤ ሕግ ሰጠ። ሐኪሙ ከፊቱ ያለችውን ሴት ሲመረምር ከኋላው የ180 ቀን እስር ቆሟል፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚሰጥ ምስክርነት ነጻ ምስክርነት አይባልም። ይህ ለፅንስ ማቋረጥ ብቻ የሚነገር አይደለም። የካንሰር ጥርጣሬ ያለበት እባጭ ዛሬ ይከፈት ወይስ ከወር በኋላ የሚለውንም የሚመልሰው ያው ሐኪም ነውና።

ሦስተኛው መለኪያ ጊዜው ነው። ምክንያቱ ሲወገድ ፈቃዱ ይሻራል ብለናል። በእርግጥ የቴክሳሱ የሕክምና ክልከላ በወሩ ተነሥቷል፤ ይህ ለገዥው ሊታሰብለት ይገባል። የአደጋው ዐዋጅ ራሱ ግን በየወሩ እየታደሰ እስከ ሰኔ 2023 ከሦስት ዓመት በላይ ዘለቀ። ያወጀውም ያደሰውም አንድ ሰው ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) በሰርግ ሦስት ጊዜ ያማከሩትን ስናስብ፣ ዶሩራን የሚያውጅና ዶሩራው አለመጠናቀቁን የሚመሰክር አንድ ሰው መሆኑ ምን ያህል የጎደለ ነገር እንዳለው እንረዳለን።

የአገራችን ሕግና የኢማሙ ድርሻ

ቴክሳስ አደጋ ባወጀችበት በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በመጋቢት 30 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአምስት ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ። መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ነው፤ የሕዝብን ጤና የሚያሰጋ በሽታ ሲከሠት ዐዋጅ ይፈቅዳል፣ ክልሎችም በዚህ ምክንያት ሊያውጁ ይችላሉ። በሦስቱ መለኪያዎች ብናየው፣ ስለ ጊዜና ስለ መካሪ ከቴክሳሱ ሕግ የጠነከረ ነው። ዐዋጁ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ለሕዝብ ተወካዮች ይቀርባል። ከስድስት ወር በላይ አይጸናም፤ የሚታደሰውም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ነው። አፈጻጸሙን የሚከታተል ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል።

በአደጋ ጊዜ እንኳ ሊነኩ የማይችሉ አንቀጾችም ተዘርዝረዋል። ከእነርሱ መካከል አንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ አንቀጽ 25 የእኩልነት መብት ነው። የጤና አገልግሎትን የሚመለከተው አንቀጽ 41 ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአገራችን መንግሥት በወረርሽኝ ጊዜ ሕክምናን ሊገድብ ይችላል፤ የሕመምተኞችን ተራ ሲያወጣ ግን በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በጾታ ወይም በሀብት መለየት አይችልም። በዐሊይ ኢብኑ ዒሳ ዘመን በተራው ውስጥ የገባው ያ መመዘኛ ዛሬ በሕግ በሩ ተዘግቶበታል። ለአናሳም ለብዙኃኑም ጥበቃ ነውና ሙስሊሙ የዚህ በር ጠባቂ ሊሆን ይገባዋል።

ለመምህራንና ለኢማሞች የሚቀረው ሥራ ምንድን ነው? በወረርሽኝ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ሚንበር ያያል። አንዳንዱ ኢማም ትእዛዝ ሁሉ ከቀደር መሸሽ ነው ይላል፤ ሰርግ መልስ ሰጥቶታል። ሌላው ደግሞ ለገዥ መታዘዝ ግዴታ ነው ብሎ ሁሉንም ያለ ምርመራ ያጸድቃል፤ ዶሩራ በልኳ ትመዘናለች የሚለው መርሕ ለእርሱም መልስ ነው። መካከለኛው መንገድ ሦስቱን ጥያቄዎች በአደብ ማቅረብ ነው። ትእዛዙ ለተነገረለት ዓላማ ይውላልን? አስፈላጊነቱን የሚመሰክረው የታመነ ሐኪም ነውን? መቼ ይነሣል፣ መነሣቱንስ ማን ይወስናል? እነዚህን መጠየቅ አመፅ አይደለም፤ ሙስሊሞች ለመሪዎቻቸው የሚገባቸው ነሲሓ ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን እንደ ተየሙም ነው። ውሃ ሲጠፋ አፈር ይፈቀዳል፤ ውሃው እየታየ በአፈር የሚቀጥል ሰው ግን ሰላቱን አበላሸ። የሐኪም እጅም በዶሩራ ሊያዝ ይችላል፤ ዶሩራው ባለፈበት ሰዓት ግን መለቀቅ አለበት። ይህን ለማስታወስ ደግሞ የሕግ ዐዋቂ፣ የሕክምና ዐዋቂና የሸሪዓ ዐዋቂ አብረው ቢቀመጡ ከሰርግ ምክክር የተማሩ ይሆናሉ።

ወላሁ አዕለም።